ሁለት ሆናችሁ የኮሜዲ ሾው ስትጀምሩ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

ድሬዳዋ ጨዋታ አዋቂ አጥታ አታውቅም። ከዚራ ጥላ ስር ሰፈሩን በሳቅ የሚገድሉ ሁለት ጓደኛሞች ግን ካሜራ ፊት ሲቀርቡ ይደርቃሉ። ለምን?

ትልቁ ስህተት ሁለቱም አስቂኝ ካልሆንን ማለታቸው ነው። አንዱ ሲያብድ ሌላው ጤነኛ መሆን አለበት። ለምሳሌ ቀፊራ ገበያ ላይ አንዱ ሽንኩርት ሻጭ፣ አንዱ ሸማች ይሁን። ሸማቹ «ሽንኩርቱን ተወው፣ ጥላህ ስር ለቆምኩበት ስንት ነው?» ይላል። ሻጩም አብሮ ከጮኸና ከዘለለ ጨዋታው አለቀ። ኮስተር ብሎ «ብቻህን ነህ ወይስ ከነቤተሰብህ?» ካለ ግን ሳቁ ከሱ ነው የሚመጣው። እውነቱን ለመናገር ከባዱ ሥራ የኮስታራው ነው፤ ጭብጨባውን የሚወስደው ሌላው ቢሆንም። የኮሜዲያኖቹ የደረጀና ሀብቴ፣ የልመነህና አለባቸው ስም ዛሬም ተጣምሮ የሚጠራው እኮ በከንቱ አይደለም።

ሌላው በሰው አነጋገር ላይ መንጠልጠል ነው። ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በአንድ ጠረጴዛ ይወራል። አማርኛ የሚሰባበርበት ሰው አምጥታችሁ ብትስቁበት አንዴ ያስቃል፣ ከዚያ ያስቀይማል። ይልቅ አራቱም ቋንቋ ሲወራ ግራ የሚገባውን የአዲስ አበባ እንግዳ አስቡት። ወላሂ፣ እሱ ይሻላል!

እንግዳ ስትጋብዙም አታሞግሱ። የእንግሊዞቹ ጥንድ ኮሜዲያን ሞርካምብና ዋይዝ በ1971 (በፈረንጆቹ) የገና ዝግጅታቸው ታዋቂውን የኦርኬስትራ መሪ አንድሬ ፕሬቪንን ጋብዘው ነበር። ሞርካምብ ፒያኖውን አበላሽቶ ይጫወታል። ፕሬቪን ሲቆጣው ሞርካምብ የፕሬቪንን ኮት ይዞ፣ ድምፆቹ ሁሉ ትክክል መሆናቸውን፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ምናልባት ላይሆን እንደሚችል ያስረዳዋል። ፕሬቪን ኮስተር ብሎ በመጫወቱ ትዕይንቱ እስካሁን ይታያል። የእኛ ሰው ቢሆን ግማሽ ሰዓት የሕይወት ታሪኩን እናስወራው ነበር።

የተቀዳ ሳቅ አትለጥፉ፤ ተመልካች ይነቃባችኋል። ሙዚቃውም ቀልድ ሲያልቅባችሁ የምትጠሩት አይሁን፣ ቦታውን ቀድማችሁ ወስኑለት።

ቀረጻውን ደግሞ ከሰዓት አታድርጉት አቦ! ሙቀቱ አለ፣ ሰዉ በርጫ (ጫት) ላይ ነው። ቬንትሌተር ካበራችሁ ማይኩ እሱን ይቀዳል፣ ካጠፋችሁ ሜካፑ ይፈስሳል። በጠዋት ወይ በማታ ቅረጹ።