ልጅ መቼ እንውለድ? ከመጨረሻው ልጅ ወደ ኋላ መቁጠር

ባልና ሚስት ስለ ልጅ ሲመካከሩ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ከመጀመሪያው ልጅ ነው፤ ትምህርቱ ይለቅ፣ ቤቱ ይደራጅ፣ ደመወዙ ይሻሻል ይባላል። ስሌቱ መጀመር ያለበት ግን ከመጨረሻው ልጅ ነው። አንድ ልጅ የሚበቃት የ30 ዓመት ሴትና ሦስት የምትፈልግ የ30 ዓመት ሴት እኩል ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ስንት ልጅ እንደምትፈልጉ ሁለታችሁም ለየብቻ ወረቀት ላይ ጻፉና አስተያዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ዛሬ መነጋገሩ ይሻላል።

ዕድሜ ምን ይለውጣል?

ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርስ እንቁላል ይዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አይጨመርም። የወር አበባ ማየት ስትጀምር ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራል፣ 37 ዓመት አካባቢ ደግሞ ወደ 25 ሺህ ይወርዳል። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበው ጥራቱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እንቁላሉ ውስጥ ያሉት ክሮሞዞሞች (የዘር መረጃ የሚሸከሙት) በትክክል ሳይከፋፈሉ የመቅረታቸው ዕድል ይጨምራል። ውጤቱም ፅንስ አለመያዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጨናገፍ ወይም እንደ ዳውን ሲንድረም (ልጁ በአንድ ትርፍ ክሮሞዞም የሚወለድበት) ያለ ችግር ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ30 ዓመት ከ940 አንድ ገደማ ሲሆን በ35 ከ350 አንድ፣ በ40 ከ85 አንድ ይሆናል።

በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያሉ ጤነኛ ጥንዶች በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ከአራት አንድ ያህል ነው። በ40 ዓመት ከአሥር አንድም አይሞላም። 35 ዓመት የሞላት ሴት በልደቷ ማግስት አትመክንም፤ መቀነሱ ከ32 አካባቢ ቀስ እያለ ይጀምራል፣ ከ37 በኋላ ይፈጥናል። በሌላው ጫፍ ከ18 ዓመት በታች መውለድ ለተራዘመ ምጥና ለፌስቱላ ያጋልጣል፤ ይህ ምርጫ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እያሉ የሚገፋፉ ዘመዶች አሉ፣ «ገና ልጅ ናችሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም የእናንተን ቁጥር አላዩትም።

አቆጣጠሩ

ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ነገር ደምሩ፦ ለመፀነስ የሚፈጀውን ጊዜ (ከ35 በታች 6 ወር፣ ከ35 በላይ 12 ወር ብትይዙ ይበቃል)፣ እርግዝናውን 9 ወር፣ ከወሊድ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና 24 ወር ዕረፍት። የ24 ወሩ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው፤ እናት ሳታገግም የተያዘ እርግዝና ለደም ማነስና ያለ ጊዜው ለመውለድ ያጋልጣል።

ሦስት ልጅ የምትፈልግ ሴት በ30 ዓመቷ ትጀምር እንበል። የመጀመሪያውን በ31 ዓመት ከ3 ወር ትወልዳለች። ሁለተኛውን በ33 ዓመት ከ3 ወር መሞከር ትጀምርና በ34 ዓመት ተኩል ትወልዳለች። ለሦስተኛው መሞከር የምትጀምረው በ36 ዓመት ተኩል ነው፤ የምትወልደውም 38 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ነገር ሳይሰናከል ከሄደ ነው። በ32 ብትጀምር ሁለተኛው ሙከራ ራሱ ከ35 ስለሚያልፍ ሦስተኛው 39 ዓመት ላይ ይወድቃል፣ ማለትም ፅንስ የመያዝ ዕድል በፍጥነት በሚወርድበት ጊዜ።

የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ስሌት ይህንኑ በዕድል መጠን ያስቀምጠዋል። ያለ አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘርን ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ማስፀነስ) የፈለጉትን ቁጥር የማግኘት ዕድል 90 በመቶ እንዲሆን ለአንድ ልጅ እስከ 32፣ ለሁለት እስከ 27፣ ለሦስት እስከ 23 ዓመት መጀመር ያስፈልጋል። 75 በመቶ ለሚበቃው 37፣ 34 እና 31 ነው። ልጅ መውለድ በጣም የሚፈልግና «ከመጣ እሰየው» የሚል ሰው አንድ ዓይነት ዕድሜ ላይ መጀመር የለባቸውም፤ የትኛው እንደሆናችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የወሊድ መከላከያ ላይ ካላችሁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሦስት ወር መርፌ አያመክንም፣ ግን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ይወስዳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት መውለድ ያሰበች ሴት መርፌውን ቀድማ ትታ ወደ ሌላ ዘዴ ብትዞር ይሻላታል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ሉፕና እንክብል እንደ መርፌው አያዘገዩም፤ ከተወገዱ ወይም ከቆሙ በኋላ ብዙ ሴቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ዑደታቸው ይመለሳሉ። አረብ አገር ለሥራ ስትሄድ መርፌ ተወግታ የሄደች እህት ወደ አገሯ ስትመለስ ይህንን ጊዜ በዕቅዷ ላይ ትደምር።

ከመፀነስ በፊት

ፎሊክ አሲድ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት። ፎሊክ አሲድ የሚያስፈልገው የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በትክክል እንዲዘጋ ነው። ቱቦው የሚዘጋው ከፅንሰቱ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን የምታውቀው ከዚያ በኋላ ስለሆነ በክትትል ወቅት የሚሰጠው እንክብል ይዘገያል። በአገራችን ቱቦው በትክክል ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ በመሆናቸው እኛ ይህን ከምንም በላይ አጥብቀን እንመክራለን። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት በሐኪም ትእዛዝ 4 ወይም 5 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ፋርማሲ ስትገዙ መጠኑን አንብቡ፤ 5 ሚሊግራም የ400 ማይክሮግራም ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

በዚያው ጉዞ የደም ዓይነት፣ ሄሞግሎቢን፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ስኳርና ደም ግፊት ይታዩ። አንገቷ ላይ እንቅርት ያላት ሴት የታይሮይድ ምርመራ ታክል።

ቀኑን መያዝ

እንቁላል የሚለቀቀው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ በፊት ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት በ14ኛው፣ 32 ቀን የሆነ በ18ኛው ቀን አካባቢ ትሆናለች። የወንድ ዘር እስከ 5 ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉ ግን ከ24 ሰዓት አያልፍም፤ ስለዚህ ጥሩዎቹ ቀኖች እንቁላሉ ከመለቀቁ በፊት ያሉት ናቸው። በእነዚያ ቀናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይበቃል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚቆጥር ወሩ 30 ቀን በመሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ጳጉሜን ካልተረሳ። ነሐሴ 20 የጀመረ የወር አበባ መስከረም 13 ቢመጣ 28 ቀን ነው፤ ጳጉሜን የዘለለ ሰው ግን 23 ይለዋል፣ የሚቀጥለውንም ግምት በ5 ቀን ያስታል። የስልክ መተግበሪያ የምትጠቀሙ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይራችሁ አስገቡ።

ወደ ሐኪም መቼ?

ከ35 በታች ከሆነች ከ12 ወር፣ ከ35 በላይ ከ6 ወር ሙከራ በኋላ፤ 40 ከሞላች ሳትጠብቅ። ዑደቷ ከ21 ቀን በታች ወይም ከ35 ቀን በላይ የሆነ፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም ማዮማ (የማህፀን እጢ) የነበረባት ሴትም አትጠብቅ። ወራቱን ስትቆጥሩ እውነተኛ ሙከራ የነበረባቸውን ብቻ ቁጠሩ። ባል ክፍለ ሀገር የሚነዳ ሹፌር ሆኖ ያልተገናኛችሁበት ወር አይቆጠርም። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በመታቀብ የሚያሳልፉም ሁለት ዑደት ገደማ ያልፋቸዋል፤ ያንን ከቁጥሩ ቀንሱት እንጂ «ዓመት ሙሉ እምቢ አለን» ብላችሁ አትጨነቁ። ጸበል የሚሄዱም ምርመራውን ጎን ለጎን ያስኪዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የመጀመሪያው ምርመራ የባል ይሁን። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ችግሩም በብዙ ጥንዶች ላይ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ በወንዱ በኩል ይገኛል። ዘሩ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ይሰጣል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይደርሳል። የዘሩ ብዛት በሚሊ ሊትር ከ16 ሚሊዮን ካነሰ ምርመራው ይደገማል። ዘር ለመመረት ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ሲጋራ የተወ ሰው ለውጡን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሴቷ አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራና የማህፀን ቱቦ ራጅ ይታዘዛሉ። ራጁ የሚነሳው ደሙ ከቆመ በኋላ እንቁላል ሳይለቀቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ቀን። እንቁላል መለቀቁን የሚያሳየው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን «በ21ኛው ቀን ይለካ» ይባላል፣ ግን ያ ለ28 ቀን ዑደት ነው፤ ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ሴት በ28ኛው ቀን ካልተለካች እንቁላል እየለቀቀች «አትለቅም» ልትባል ትችላለች። ኤ ኤም ኤች የሚባለው ምርመራ የቀረውን የእንቁላል ብዛት ይጠቁማል እንጂ ጥራቱን አያሳይም፤ ዝቅ ማለቱ በተፈጥሮ መፀነስን አይከለክልም፣ ከፍ ማለቱም ለ40 ዓመት ሴት ዋስትና አይሆንም።

አይ ቪ ኤፍ በዕድሜ የጠፋውን እንቁላል አይመልስም፤ በራስ እንቁላል የሚገኘው ውጤት ከ40 በኋላ በጣም ይወርዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመንግሥት ተቋማት ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል አለው። እስራኤል የምትኖሩ ደግሞ በራሳችሁ እንቁላል እስከ 45 ዓመት፣ ለሁለት ልጅ፣ ወጪውን የጤና መድኑ ይሸፍናል። ትዳር ገና ያልያዘችና እንቁላል ማስቀመጥ የምታስብ ሴት ከ35 በፊት ብታደርገው ነው የሚጠቅማት።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ያለፉትን ስድስት የወር አበባ የጀመሩባቸውን ቀኖች፣ የመጨረሻውን መከላከያ ዓይነትና ቀን፣ የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ወረቀትና የባልን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ባልም አብሮ ወደ ክፍሉ ይግባ።