«ሃርድ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንጠቀምባት?

ብዙዎቻችን «ሃርድ»ን የተማርናት «ከባድ» ተብላ ነው። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የእኛ «ከባድ» ለሻንጣም ለፈተናም ይሆናል። «ሃርድ» ግን ስለ ኪሎ አታወራም፤ አልነሳ ላለን ሻንጣ የሚባለው «ሄቪ» ነው። «ሃርድ ባግ» ካላችሁ ሰሚው የሚያስበው ሲጫኑት የማይታጠፍ፣ ደረቅ ያለ ሻንጣ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አጠገቧ ያለውን ስም እዩ። ትርጉሟን የሚወስነው እሱ ነው።

ቀጥሎ ተቃራኒዋን ፈልጉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። ተቃራኒው «ሶፍት» (ለስላሳ) ከሆነ ነገሩ ጠጣር ነው፦ ድንጋይ፣ ፍራሽ፣ ወንበር። «ኢዚ» (ቀላል) ከሆነ ደግሞ አስቸጋሪ ነው፦ ጥያቄ፣ ውሳኔ። «ሃርድ ዋተር» ያደናግራል፤ ውሃ ምኑ ይጠጥራል? ግን ተቃራኒው «ሶፍት ዋተር» ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ማለት ነው። ሳሙና እንደ ልብ አረፋ አያወጣበትም፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይጋግራል።

ሁለቱም አልገጥም ካሉ፣ ወሬው ስለ ሰው ሊሆን ይችላል። «ሃርድ ወርከር» ታታሪ ሰው ነው። «ዶንት ቢ ሃርድ ኦን ሂም» ማለት «አትጨክንበት» ነው። ከጭቅጭቅ በኋላ «ኖ ሃርድ ፊሊንግስ» ያላችሁ ሰው «አልተቀየምኩም፣ አንቀያየም» እያላችሁ ነው።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። «ሃርድ» ግሥንም ትገልጻለች፣ ያውም ምንም ሳይጨመርባት። «አይ ወርክ ሃርድ»፣ ተግቼ እሠራለሁ። «ኢትስ ሬይኒንግ ሃርድ»፣ ዝናቡ ዶፍ ነው። እዚህ ላይ «ሊ» እንዳትጨምሩ፣ አደራ! ቅጽል ላይ «ሊ» ሲገባ ተውሳከ ግሥ ይሆናል ብለን ስለተማርን «አይ ሃርድሊ ወርክ» ትክክል ይመስለናል። ትርጉሙ ግን «እምብዛም አልሠራም» ነው። ሥራ ፈላጊ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ይህን ቢል፣ ትጋቱን የተናገረ እየመሰለው ስንፍናውን ይመሰክራል። በአንድ ድምፅ ብቻ የለፋበት ሁሉ ሲበላሽ ያሳዝናል።

ብዙ ጊዜ «ሃርድ» ከግሡ በኋላ ትመጣለች፣ «ሃርድሊ» ደግሞ ከግሡ በፊት። ጆሯችሁ እስኪለምደው «አይ ወርክ ሃርድ»ንና «አይ ሃርድሊ ወርክ»ን አከታትላችሁ፣ ጮክ ብላችሁ በሏቸው።