የሞዴል አውሮፕላን ትራንስሚተርን መስማት ለሚቸግራቸው አብራሪዎች ማመቻቸት

ሞዴል አውሮፕላን የሚያበር ሰው ዐይኑን ከአውሮፕላኑ ላይ ማንሣት አይችልም። ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ ወደ እጁ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል አውሮፕላኑ ወደ እርሱ እየመጣ ይሁን ወይም እየራቀ ለመለየት ይቸገራል። ሠሪዎቹም የትራንስሚተሩን (አብራሪው በእጁ ይዞ አውሮፕላኑን በሬዲዮ የሚያዝበትን መሣሪያ) ማስጠንቀቂያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም በድምፅ ያደረጉት ለዚህ ነው፤ የበረራው ጊዜ ሲያልቅ፣ የባትሪው ቮልቴጅ ሲወርድ፣ የሬዲዮው ግንኙነት ሲዳከም መሣሪያው ይጮኻል፣ አብራሪውም ዐይኑን ሳይነቅል ይሰማል። መስማት ለሚቸግረው አብራሪ ግን ይህ ሁሉ እንደሌለ ነው፤ ባትሪው ማለቁን የሚያውቀው አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ነው።

ብዙዎች መፍትሔ ብለው መጀመሪያ የሚያስቡት መብራት መትከልን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መብራቱን ለማየት ዐይን ከሰማይ መውረድ አለበት፣ በቀትር ፀሐይ ደግሞ መብራቱ ራሱ በግልጽ አይታይም። የድምፅ ትክክለኛ ምትክ ንዝረት ነው፤ የአብራሪው እጆች በበረራው ጊዜ ሁሉ ከትራንስሚተሩ አይለዩምና። ከዚህ በታች የማስረዳው አንደኛ በትራንስሚተሩ ውስጥ ያለውን ንዝረት በአግባቡ ስለ መጠቀም፣ ሁለተኛ ንዝረት በሌለው አሮጌ ትራንስሚተር ላይ ስለ መጨመር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የድምፁ ቅጥነት ሊታይ ይገባል። በብዙ ትራንስሚተሮች ውስጥ ያለችው ትንሿ ፒዬዞ ባዘር (የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን የምታወጣው ክፍል) የምትጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ደግሞ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ከሞተር ወይም ከማሽን ጩኸት አጠገብ የሠራ ሰው ጆሮ በተለይ የሚጎዳው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከሰው ጋር ያለ ችግር የሚጨዋወት ሰው ባዘሩን ፈጽሞ ላይሰማው ይችላል፤ ጓደኞቹም «ይጮኻል እኮ!» እያሉት እርሱ ዝምታ ብቻ ይሆንበታል። ትራንስሚተርዎ ድምፅ ማጉያ ካለው፣ ምንም ነገር ሳይፈቱ፣ በድምፅ ማስተካከያው ገጽ ላይ የድምፁን ቅጥነት መቀነስ የሚቻል ከሆነ ወደ ታች አውርደው ይሞክሩት። የመስሚያ መርጃ የሚጠቀሙና መርጃቸው ቴሌኮይል (ድምፅን በማግኔት መስክ የሚቀበል ትንሽ ጥቅል ሽቦ) ያለው ሰዎች፣ ትራንስሚተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለው፣ አንገት ላይ የሚጠለቅ የኢንዳክሽን ገመድ ሰክተው ድምፁን በቀጥታ ወደ መርጃው ማስገባት ይችላሉ። ይህ ነፋስ ማይክሮፎኑ ላይ ሲነፍስ ከሚፈጥረው ጩኸትም ይገላግላል።

ንዝረት ያለው ትራንስሚተር

በኦፕንቲኤክስ ወይም ከእርሱ በወጣው በኤጅቲኤክስ (ሁለቱም የትራንስሚተር ሶፍትዌሮች ናቸው) የሚሠሩ ትራንስሚተሮች፣ ለምሳሌ ታራኒስ ኤክስ9ዲ ፕላስ እና ሬዲዮማስተር ቲኤክስ16ኤስ፣ የንዝረት ሞተር ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ። ችግሩ ሞተሩ እንደ ድምፁ አጃቢ ብቻ ሆኖ መቀመጡ ነው። በአጠቃላይ ማስተካከያው ገጽ ላይ ሃፕቲክ (ንዝረት) የሚለውን ክፍል ፈልገው ቁልፍ ሲነካ እንዳይነዝር፣ ለሌላው ሁሉ ግን እንዲነዝር አድርገው ያስቀምጡት። ቁልፍ በተነካ ቁጥር የሚነዝር መሣሪያ እጅን ያለማምዳል፤ የለመደ እጅ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ችላ ይላል። ጥንካሬውንና ርዝመቱን ወደ ላይኛው መጠን ያውጡ፤ በተለይ በብርድ ቀን ጓንት አድርጎ ለሚያበር ሰው ይህ የግድ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሞዴሉ ገጽ ይግቡና የሰዓት ቆጣሪውን የመጨረሻ ቆጠራ ከድምፅ ወደ ሃፕቲክ ይለውጡት። ለባትሪው ደግሞ ሎጂካል ስዊች፣ ማለትም የተሰጠው ሁኔታ ሲሟላ በራሱ የሚበራ የሶፍትዌር ማብሪያ፣ ያስፈልጋል። ባለ ሦስት ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው፤ በጭነት ላይ እያለ አንዱ ሴል 3.5 ቮልት፣ በድምሩ 10.5 ቮልት ሲደርስ ማረፍ ይገባል። ስለዚህ ቮልቴጁ ከ10.5 በታች ሲሆን የሚበራ ሎጂካል ስዊች ያዘጋጁና የ2 ሰከንድ መዘግየት ይስጡት፤ መዘግየቱ ከሌለ ነዳጅ መስጫውን በኃይል ሲገፉ ቮልቴጁ ለአፍታ ስለሚወርድ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የሬዲዮ ተቀባይ በራሱ የሚልከው ቮልቴጅ ብዙ ጊዜ የበረራ ባትሪው ሳይሆን ለተቀባዩ የሚደርሰው 5 ቮልት አካባቢ ያለው ነው። ይህ ደግሞ ባትሪው እስኪሞት ድረስ አይለወጥም። የባትሪውን ትክክለኛ ቮልቴጅ ለማግኘት በባላንስ ገመዱ (የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ በሚለካበት የባትሪው ቀጭን ገመድ) ላይ የሚሰካ የቮልቴጅ ሴንሰር ይግጠሙ።

ሎጂካል ስዊቹ ከተዘጋጀ በኋላ በስፔሻል ፋንክሽን ገጽ (ስዊቹ ሲበራ ምን እንደሚሆን በሚታዘዝበት ገጽ) ላይ ሃፕቲክን ይምረጡለት። ከ0 እስከ 3 ካሉት ቁጥሮች የተለያየ ንዝረት ስለሚገኝ፣ እያንዳንዱን በእጅዎ ሞክረው ለየትኛው ማስጠንቀቂያ እንደሚመድቡት ይወስኑ። ከሦስት ዓይነት በላይ እንዳያደርጉ እመክራለሁ፤ ሦስቱም ለጊዜ፣ ለባትሪና ለሬዲዮ ግንኙነት ይበቃሉ። አራተኛ ሲጨመር አብራሪው በሰማይ ላይ እያለ «ይህ የምን ነበር?» ብሎ ማሰብ ይጀምራል፣ ማሰቢያ ጊዜ ደግሞ የለውም። የሬዲዮ ግንኙነት ማስጠንቀቂያ ሳይቋረጥ የሚደጋገመው ይሁን፤ ቤት ውስጥ ዐይንዎን ጨፍነው ሌላ ሰው እያስነዘረው ሦስቱን ያለ ስሕተት እስኪለዩ ድረስ ይለማመዱ።

መስማት የሚችል አብራሪ ከትራንስሚተሩ ውጭ የሚያገኘው ሌላ ትልቅ መረጃም አለ፤ እርሱም የሞተሩ ድምፅ ነው። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ሊጠፋ ሲል ድምፁ ይለወጣል፣ ሰሚውም ወዲያው አፍንጫውን አጎንብሶ ፍጥነቱን ይጠብቃል። የማይሰማው አብራሪ አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ እስኪንገዳገድ ድረስ አያውቅም። የሞተሩን ዙር በደቂቃ የሚቆጥር ሴንሰር ተገጥሞ፣ ዙሩ ሞተሩ በዝግታ ከሚሽከረከርበት በታች ሲወርድ ንዝረት እንዲመጣ ቢደረግ ይህ ክፍተት ይሞላል። በእኔ ግምት ለነዳጅ አውሮፕላን ከባትሪ ማስጠንቀቂያው የማይተናነስ ጥቅም ያለው ይህ ነው። ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ ግላይደር ለሚያበሩም ቫሪዮሜትሩ (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት መለኪያው) የሚያወጣውን ድምፅ፣ ወደ ላይ የመውጫ ፍጥነቱ ለምሳሌ በሰከንድ ከ0.5 ሜትር ሲያልፍ፣ በአጭር ንዝረት መተካት ይቻላል።

ንዝረት በሌለው ትራንስሚተር ላይ መጨመር

አሮጌ ትራንስሚተር ያላቸው ሰዎች አዲስ ከመግዛታቸው በፊት ይህን ሥራ ቢሞክሩ መልካም ነው፤ ዕቃዎቹ ርካሽ ናቸው፣ ሥራውም መበየድ ለለመደ ሰው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው፣ በስልክ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሳንቲም ቅርጽ የንዝረት ሞተር፣ ፒሲ817 የተባለ ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በውስጡ ባለ መብራት የሚያስተላልፍ)፣ ኤኦ3400 ሞስፌት (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትራንዚስተር)፣ ሁለት 1ኤን4148 ዳዮዶች፣ አንድ 1 ኪሎኦም እና አንድ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ አንድ 2.2 ማይክሮፋራድ እና አንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ እንዲሁም የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 3.3 የሚያወርድ ትንሽ ሞጁል ነው። ካቻቢቴ፣ መበየጃ፣ ሊድ፣ ቴስተርና ናስትሮም ይዘጋጁ።

አስቀድመው ባትሪውን ይንቀሉ፤ ትራንስሚተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የጀርባውን ብሎኖች ፈትተው ሽፋኑን ሲያነሡ ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኝ ገመድ ሊኖር ስለሚችል በቀስታ ያንሡ። ባዘሯን ካገኙ በኋላ ባትሪውን መልሰው ሰክተው መሣሪያው እንዲጮኽ ያድርጉና በሁለቱ እግሮቿ መካከል ያለውን ቮልቴጅ በቴስተር ይለኩ። አንዳንዷ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲሰጣት ራሷ የምትጮኽ ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ከዋናው ቦርድ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ሞገድ ይላክላታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ሳይለይ ሞተሩን በቀጥታ ከባዘሯ ጋር ሲያገናኝ ነው። ባዘሯ የምትፈልገው ጥቂት ሚሊአምፔር ሲሆን ሞተሩ 75 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፤ ያን የሚያህል ጭነት የዋናውን ቦርድ ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል።

ኦፕቶካፕለርን የመረጥኩት ለሁለቱም ዓይነት ባዘር ስለሚሠራና የትራንስሚተሩን ቦርድ ከሞተሩ ኤሌክትሪክ ለይቶ ስለሚጠብቅ ነው። የኦፕቶካፕለሩን የመብራት ወገን፣ 1 ኪሎኦሙን በተከታታይ አስገብተው፣ ከባዘሯ ሁለት እግሮች ጋር ያገናኙ፤ ፖዘቲቩ ወደ ፖዘቲቩ ይሁን። ከኦፕቶካፕለሩ መብራት ጎን አንዱን ዳዮድ በተቃራኒ አቅጣጫ ይበይዱ፣ ይህ ወደ ኋላ ከሚመጣ ቮልቴጅ ይከላከላል። በሌላው ወገን ኮሌክተሩን ከ3.3 ቮልቱ፣ ኤሚተሩን ከሞስፌቱ ጌት ጋር ያገናኙ፤ ከጌቱ ወደ ኔጋቲቩ 100 ኪሎኦሙንና 2.2 ማይክሮፋራዱን ጎን ለጎን ያድርጉ። ሞተሩ በ3.3 ቮልቱና በሞስፌቱ ድሬይን መካከል ይሆናል፤ የሞስፌቱ ሶርስ ወደ ኔጋቲቩ ይሄዳል። ሁለተኛውን ዳዮድ፣ መሥመር ያለበት ጫፉ ወደ 3.3 ቮልቱ ሆኖ፣ ከሞተሩ ጎን ይበይዱ፤ 100 ናኖፋራዱንም እንዲሁ። የ2.2 ማይክሮፋራዱ ጥቅም አጭርን ጩኸት ማስረዘም ነው፤ ሞተሩ ለመነሣት ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ድምፁ ካቆመ በኋላ ሩብ ሰከንድ ያህል ተጨማሪ ንዝረት ይሰጠዋል። ንዝረቱ አሁንም አጭር ከሆነብዎት በ4.7 ማይክሮፋራድ ይተኩት።

የቮልቴጅ ማውረጃው ሞጁል ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ በኋላ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ትራንስሚተሩ ጠፍቶ እያለ ባትሪውን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ከመበየድዎ በፊት ሞጁሉ በትክክል 3.3 ቮልት ማውጣቱን ይለኩ።

የሞተሩ ቦታ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሞተሩ ውስጥ ማግኔት አለ፤ በብዙ አዳዲስ ትራንስሚተሮች ደግሞ የመቆጣጠሪያ ዱላዎቹ አቀማመጥ የሚነበበው በሆል ሴንሰር፣ ማለትም ማግኔትን በሚያነብ መሣሪያ ነው። ሞተሩን ከዱላዎቹ በበርካታ ሴንቲሜትር አርቀው፣ የእጅዎ ጣቶች ከኋላ በሚያርፉበት የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉት። ከአንቴናውና ከሬዲዮ ሞጁሉም ያርቁት። ትራንስሚተሩን በእጅ ሳይሆን በደረት ላይ በሚንጠለጠል ሰሌዳ አስቀምጠው የሚያበሩ ሰዎች ጣታቸው ሽፋኑን አይነካም፤ ለእነርሱ ሞተሩን በቀጭን ገመድ አውጥቶ በአንገት ማንጠልጠያው ላይ ወይም በእጅ አንጓ ማሰሪያ ላይ ማድረግ ይሻላል። የአንቴናውን ገመድም ሆነ የሬዲዮ ሞጁሉን በምንም ምክንያት አይንኩ። በአሜሪካ ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚሸጡት በፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ክፍል 15 ተፈትሸው ስለሆነ፣ የሬዲዮውን ወገን መለወጥ የመጠቀም መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ሽፋኑን ከመዝጋትዎ በፊት የቻናሎቹን ገጽ ከፍተው፣ መሣሪያው እየነዘረ ሳለ ዱላዎቹ ሳይነኩ ቁጥሮቹ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሳቸውን ይመልከቱ። የሚንቀጠቀጥ ቁጥር ካለ ሞተሩን ያዛውሩ። ከዚያም ሜዳ ላይ የርቀት ፍተሻ ያድርጉ፤ ትራንስሚተሩን ኃይሉን በሚቀንስበት የፍተሻ ሁኔታ አስገብተው በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል፣ በብዙዎቹ 30 ሜትር ያህል፣ ይራቁና ንዝረቱ ሲኖርና ሳይኖር የአውሮፕላኑ ክንፍና ጅራት እኩል መታዘዛቸውን ያረጋግጡ። ልዩነት ካዩ አይብረሩ።

ትራንስሚተሩ የማይነግርዎት አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ሌሎች አብራሪዎች «ላርፍ ነው!» ወይም «ሞተሬ ጠፋ!» ብለው የሚጮኹት ነው። ለዚህ ከጎንዎ የሚቆም ሰው ያስፈልግዎታል። ከበረራው በፊት ተስማሙ፤ ትከሻን አንድ ጊዜ መንካት «ሌላ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው፣ ከፍ በል» ማለት ይሁን፣ ሁለት ጊዜ መንካት ደግሞ «ሜዳው ላይ ሰው ገብቷል» ማለት ይሁን፣ እጅን ትከሻ ላይ አሳርፎ መያዝ «አሁኑኑ አርፍ» ማለት ይሁን። ሰውየው የሚቆመው ትራንስሚተሩን ከማይጫንበት ጎን ሆኖ፣ የሚነካዎትም ነዳጅ መስጫውን በሚይዘው እጅ በኩል ሳይሆን በሌላው በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ድንገት ሲነኩ እጅ ይደነግጣል፣ የነዳጅ መስጫ ድንጋጤ ደግሞ በማረፊያ ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነው። የመጀመሪያውን በረራ በነፋስ አልባ ጠዋት ያድርጉት፣ ሰዓት ቆጣሪውንም ከተለመደው በ2 ደቂቃ ቀንሰው ያስቀምጡት፣ ንዝረቱ ሲመጣም ባትሪው ገና ቢኖርም ወዲያው ይረፉ፤ ከዚያ መሬት ላይ ባትሪውን ለክተው ሰዓቱን በሚቀጥለው በረራ ያስተካክሉ።