ልጃችሁን በአባከስ መደመርና መቀነስ እንዴት ታስተምራላችሁ?

ትንሽ ልጅ ቁጥርን በጣቱ ሲነካው ቶሎ ይገባዋል። አባከስ፣ ማለትም በዘንግ ላይ የተሰኩ ዶቃዎችን እየገፉ የሚቆጥሩበት መሣሪያ፣ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እኔ ግን ለልጄ ስጀምርላት መንገዱን ስቼ ብዙ ወራት ባክነውብናል። እናንተ እንዳትደክሙ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን በደንብ ምረጡ። ለጀማሪ የሚሻለው 10 ዘንግ ያለው፣ በየዘንጉ 10 ዶቃ የተሰካበት ነው። ሲገዙት ቀለሙን ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ዘንግ ላይ 5ቱ ዶቃ አንድ ቀለም፣ የቀሩት 5ቱ ሌላ ቀለም ይሁኑ። ዓይናችን ከአራት በላይ የሆነን ነገር ሳይቆጥር በአንድ እይታ መለየት ይከብደዋል። ቀለሙ ሲለያይ ግን ልጁ 7ን "አምስት እና ሁለት" አድርጎ ያየዋል። ቤት ያለው አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነም አትጣሉት፤ ከየዘንጉ አምስቱን ዶቃ የጥፍር ቀለም ቀቡት።

ሶሮባን የሚባለው የጃፓን አባከስም ግሩም መሣሪያ ነው። በየዘንጉ ከላይ ያለችው አንዷ ዶቃ 5 ናት፤ ከታች ያሉት አራቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1 ናቸው። ግን ገና መቁጠር ለሚለማመድ ልጅ "ይቺ አንዷ ዶቃ አምስት ናት" ማለት ያደናግረዋል። ለኋላ አቆዩት።

ዶቃዎቹን በሙሉ ወደ ቀኝ ሰብስቡ። ይህ ዜሮ ነው። የሚቆጠረው ወደ ግራ የተገፋው ብቻ ነው። ከዚያ "6 አሳየኝ" በሉት። አምስቱን በአንዴ፣ አንዱን አስከትሎ መግፋት እስኪለምድ ድረስ ታገሱት። ከ10 በታች ያለው መደመርና መቀነስ ከዚህ በኋላ ብዙ አያስቸግርም፤ መደመር ወደ ግራ፣ መቀነስ ወደ ቀኝ ነው።

ከባዱ 10ን መሻገር ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ 10ን የሚሞሉትን ጥንዶች በጨዋታ አስለምዱት፤ 9 እና 1፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3፣ 6 እና 4፣ 5 እና 5። ልጁ 7 ይግፋ፤ በቀኝ የቀሩትን በእጃችሁ ሸፍኑና "ስንት ደበቅኩ?" ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን 8 ሲደመር 6ን እንሞክር። ከላይኛው ዘንግ 8፣ ከሁለተኛው 6 ይግፋ። ብዙ ልጅ ወዲያው ከአንድ ጀምሮ መቁጠር ይፈልጋል። "ላይኛው እንዲሞላ ስንት ጎደለው?" በሉት። የጎደሉት ሁለቱ ዶቃዎች በቀኝ በኩል ቆመው ይታያሉ። በአንድ እጁ ሁለቱን ወደ ግራ ይግፋ፣ በሌላው እጁ ከታችኛው ዘንግ ሁለት ወደ ቀኝ ይመልስ። በሁለት እጅ እኩል መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከታች የወጣው ከላይ እንደገባ፣ ድምሩም እንዳልተለወጠ ልጁ ራሱ ያየዋል። አሁን ከላይ 10፣ ከታች 4 አለው። 14!

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነበር። በሶሮባን ጀምሬ "6 ለመደመር 10 ጨምሪ፣ 4 ቀንሺ" የሚለውን ሕግ በቃሏ አስጠናኋት። መልሱን በፍጥነት ስታመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን 9 እርሳስና 6 እርሳስ ፊቷ አስቀምጬ "በጠቅላላ ስንት ነው?" ስላት ግን ከአንድ ጀምራ ቆጠረች። ሕጉን እንጂ ነገሩን አላወቀችም ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርን። ስለዚህ ልጁ ለምን እንደገፋ በራሱ አፍ ሳይነግራችሁ ወደ ሌላ አትለፉ።

መቀነስም ያው መንገድ ነው። ከ14 ላይ 6 ሲቀነስ፣ መጀመሪያ የታችኞቹን 4 ይመልስ፣ የቀሩትን 2 ደግሞ ከላይ። 8 ይቀራል።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሲሰለቸው አቁሙ። እየለመደ ሲሄድ አባከሱን እያየ፣ ሳይነካ እንዲያሰላ አድርጉ። ቀጥሎ በጨርቅ ሸፍኑት። ያኔ ጣቱን አየር ላይ ካንቀሳቀሰ አትከልክሉት፤ ዶቃዎቹን በሐሳቡ እየገፋ ነው።