ኩርባ ላይ የኋላ ጎማ ሲዘል፦ የፍሪሲዮንና የማርሽ ችግርና መፍትሄ

ከአሰላ ወደ አዳማ ስንወርድ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ወደ 1,700 ገደማ ነው የምንወርደው። በሞተር ሳይክል ለሚመላለስ ሰው የግራ እጁ ጥፋት የሚጋለጠው እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው።

ችግር፦ ማርሽ ቀንሳችሁ ፍሪሲዮን (በግራ እጅ ሲጨበጥ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን) ስትለቁ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል ወይም ይዘላል።

ምክንያት፦ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ፍሬኑን ነው። እኔም ከኢተያ በታች አንድ የጭነት መኪና ተከትዬ ስወርድ ከ4ኛ በአንድ ጊዜ 2ኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት፤ ወንበሩ ከስሬ ወደ ጎን ሲሄድ እግሬን መሬት አስነክቼ ተረፍኩ። የኋላ ፍሬኑን ግን ጨርሶ አልነካሁትም ነበር። በ4ኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ቢዞር፣ በዚያው ፍጥነት 2ኛ ላይ ከ6,000 በላይ መዞር ይኖርበታል። ነዳጅ ስለተዘጋ ግን ዙሩ ወርዷል። ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅ ሞተሩን ጎትቶ የሚያፈጥነው የኋላ ጎማው ነው። የፊት ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ አስፋልቱን በደንብ አይዝም።

መፍትሄ፦ ፍሬኑንም ማርሹንም ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ጨርሱ። መጀመሪያ ፍሬን፤ ፍጥነቱ ሲወርድ አንድ ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ ሞተሩ ሲይዝ ቀጣዩን። ፍሪሲዮኑን እንደጨበጣችሁ ነዳጅ ለአፍታ ሰጥታችሁ ዙሩን ብታነሱት ጎማው አይጎተትም። ፍሬን ይዞ ይህን ማድረግ ልምምድ ይፈልጋል፤ እስክትለምዱት ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣታችሁን ትንሽ አቆዩት።

ችግር፦ ኩርባው ውስጥ ፍጥነቱ አልቀንስ ብሎ ሞተር ሳይክሏ ወደ ተቃራኒው መስመር ትወጣለች።
ምክንያቱ ፍሪሲዮን ጨብጦ ወይም በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መግባት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው በፎሌ የሚወርዱ ልጆችን ሳይ ያስፈራኛል። ሞተሩ ካልያዘ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል፣ በረጅም ቁልቁለትም ይግላል። ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮን ለቃችሁ ግቡ።

ችግር፦ ፍሪሲዮን ተጨብጦም ሞተር ሳይክሏ ወደፊት ትገፋለች፣ ማርሽም አልቀንስ ይላል።
የፍሪሲዮኑ ገመድ ላልቷል። መያዣው ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ እንዲኖር አጥብቁት፤ መሪውን ግራና ቀኝ አዙራችሁም እዩት።

ችግር፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት ግን አይጨምርም።
ገመዱ ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ የፍሪሲዮኑ ዲስኮች አልቀዋል ወይም የመኪና ዘይት ተሞልቷል። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ለመኪና የተሠራ ማለስለሻ ዲስኮቹን ያንሸራትታል። ዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA፣ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማ ደረጃ) የሚል ዘይት ግዙ። ተቀይሮም ካልተስተካከለ ዲስኮቹ ወጥተው ውፍረታቸው ይለካ።