የበር ካርዳችሁ በቀላሉ ኮፒ ይደረግ እንደሆነ እንዴት ቼክ ታደርጋላችሁ

ሰላም፣ አሁን ብዙ ቢሮና አፓርትመንት በቁልፍ መክፈት ቀርቶ በካርድ ሆኗል፣ ግን ካርዱ ውስጥ ያለው ቺፕ ምን አይነት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም። ይሄን የምጽፈው በተለይ ሰርቨር ሩም፣ የመድኃኒት ስቶር ወይ የሰው ፋይል ያለበት ክፍል በካርድ ለምትዘጉ ነው። የምትፈትሹት የራሳችሁን ካርድ ይሁን፣ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደሞ መጀመሪያ አስፈቅዱ።

ኤንኤፍሲ (ካርድ በቅርብ ሆኖ የሚያነብ ሬዲዮ) ያለው አንድሮይድ ስልክ ያዙ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ኤንኤፍሲውን አብሩና ካርዱን ከስልኩ ጀርባ ለጥፋችሁ ቀስ እያላችሁ ከላይ ወደ ታች አንሸራትቱት፣ አንቴናው ያለበት ቦታ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ አትቸኩሉ። ስልኩ ጭራሽ ዝም ካለ ካርዱ በ125 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ስልክ የሚያነበው የ13.56 ሜጋኸርዙን ብቻ ነው። ያቺ ከመኪና ቁልፍ ጋ የምትንጠለጠለው ትንሽ ሰማያዊ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ከዚህ ዘር ናት። ውስጧ ያለው ኢኤም 4100 የሚባለው ቺፕ ከሆነ ማረጋገጥ የሚባል ነገር የለም፣ ሪደር (በሩ ላይ ያለው ካርድ አንባቢ) ጋ ስትጠጋ ከሪደሩ ኃይል ታገኛለች፣ ከዛ ለጠየቃት ሁሉ ያችኑ ቁጥሯን ደጋግማ መናገር ነው። ጠረጴዛ ላይ ትታችኋት ቡና ልትጠጡ ብትወጡ ርካሽ ኮፒ ማድረጊያ ለያዘ ሰው ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። እንዲህ ከሆነ ሌላ ቼክ አያስፈልግም፣ መቀየር ብቻ ነው።

ስልኩ ካነበበው ታግኢንፎ የሚባለውን የኤንኤክስፒ (ማይፌር የሚባሉትን የካርድ ቺፖች የሚሠራው ኩባንያ) አፕ ጫኑና ካርዱን በሱ አንብቡት፣ የቺፑን አይነት ያሳያችኋል። ማይፌር ክላሲክ ካለ እዚ ጋ ቆም በሉ።

ይሄ ቺፕ ገበያ ላይ የወጣው በ1994 ነው። ካርዱ ባትሪ የለውም፣ ዋጋው ደሞ እርካሽ መሆን ነበረበት፣ ስለዚ ክሪፕቶ ዋን የሚባል በጣም ቀላል ምስጠራ ሰጡት፣ ቁልፉ 48 ቢት ብቻ፣ አሠራሩም በሚስጥር የተያዘ። በ2007 መጨረሻ በርሊን ላይ ካርስተን ኖልና ሄንሪክ ፕሎትዝ ቺፑን ንብርብር በንብርብር ፍቀው በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስተው ምስጠራውን ከፎቶው ላይ እንዳነበቡት አሳዩ። በ2008 ደሞ የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሙሉውን ጽሑፍ ሊያወጡ ሲሉ ኤንኤክስፒ ከሰሳቸው፣ ፍርድ ቤቱ ግን ማሳተም ይችላሉ ብሎ ፈረደላቸው።

ለኔ ትልቁ ድክመት ከቁልፉ እጥረትም በላይ ቺፑ ሪደሩን ለመፈተን እንደ ጥያቄ የሚልከው የራንደም (የዘፈቀደ) ቁጥር ነገር ነው። የግቢ ጥበቃ አስቡ፣ ለሚገባ ሰው ሁሌ አዲስ ጥያቄ ከጠየቀ ትናንት አጥር ስር ሆኖ መልሱን የሰማ ሌባ አይጠቀምበትም። የክላሲኩ ቺፕ ጥያቄው ሲያዩት 32 ቢት ነው፣ የሚወጣው ግን ከ16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ65,535 አይበልጥም፣ ያም ቺፑ ኃይል ካገኘ በኋላ ባለፈው ሰዓት የሚወሰን ነው፣ ስለዚ ሰዓቱን አመቻችቶ የሚያበራ ሰው አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ማስወጣት ይችላል።

አፑ ላይ ቁልፎቹንም እዩ፣ ሁሉም ስልክ ባያሳይም። ባለ 1 ኪሎባይቱ ካርድ 16 ሴክተር (የማስታወሻ ክፍል) አለው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁልፍ። እኔ አንድ ቦታ የራሴን ባጅ ሳነብ 16ቱም ላይ ከፋብሪካ የመጣው ቁልፍ ነበር፣ አስራ ሁለት ኤፍ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ፣ በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም እሱን ለመስበር ምንም ምርምር አያስፈልግም።

ተጠናክሯል የሚባለውን አዲሱን ክላሲክ ግዙ ቢሏችሁም እሺ አትበሉ፣ እሱም በ2015 ተሰብሯል፣ በ2024 ደሞ ከክላሲክ ጋ ተመሳስሎ በተሠራ የቻይና ቺፕ ውስጥ ድብቅ ቁልፍ ተገኝቷል። ማይፌር ደዝፋየር ኢቪ 2 ወይ ኢቪ 3 በሉ፣ ኤኢኤስ የሚባል ባለ 128 ቢት ጠንካራ ምስጠራ አለው።

ግን ካርዱን ብቻ መቀየር አይበቃም፣ እዚ ጋ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል። ሪደሩ ቁልፉን ሳይጠይቅ የካርዱን መለያ ቁጥር ብቻ አንብቦ የሚከፍት ከሆነ ውዱም ካርድ ከሰማያዊዋ አይሻልም። መፈተኛው ቀላል ነው፣ ከሆነ ሆቴል ይዛችሁት የቀረ 13.56 ሜጋኸርዝ ካርድ ካለ ለሲስተሙ ኃላፊ ስጡትና መዝግበው በሉት። ሪደሩ ላይ አስነክቶ ከተመዘገበና በሩን ከከፈተ ሪደሩ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፣ ያ ካርድ የናንተ ቁልፍ የለውማ። ያኔ የገጠመላችሁን ቴክኒሻን ጥሩና ሪደሩ በኤኢኤስ ቁልፍ እንዲያረጋግጥ አስደርጉ፣ ቁልፉም ከፋብሪካው የተለየ፣ ለናንተ ብቻ የወጣ ይሁን፣ ቅጂውም እሱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ እንዳይቀር ተቀበሉት። እስኪስተካከል ድረስ ወሳኝ ክፍሎቹ ላይ ከካርዱ ሌላ ፒን እንዲጠይቅ አድርጉ፣ የጠፉና የለቀቁ ሰዎችን ካርድም በዛው ቀን ከሲስተሙ አስጠፉ።