ከቱታ ወደ ኮት፦ የቢሮ ልብስ እንዴት ይለመዳል?

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቱታ ለብሼ ሠራሁ። ከዚያ ሙያ ቀየርኩና ደሴ ቢሮ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የማውቀው ሾፌር አየኝና "ሙሽራው መጣ! ሚዜዎቹስ?" አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እናንተ እንዳይሳቅባችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ፣ ሙሉ ሱፍ ለመግዛት አትቸኩሉ። ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ የሠራተኞቹን አለባበስ እዩ። እኔ ከረባት አንቄ ስገባ አለቃዬ ሹራብ ለብሶ ነበር። ለመነሻ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ሁለት ሱሪና ሦስት ሸሚዝ ይበቃል።

ቀጥሎ ልክ። ኮት ስትሞክሩ ከሁሉ በፊት ትከሻውን እዩ። ስፌቱ የትከሻችሁ ጫፍ ላይ ማለቅ አለበት። እጅጌ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ ይቻላል። ትከሻ ግን ፈትቶ መስፋት ጣጣው ብዙ ነው፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊም ሲነግሩት ፊቱን ያጨማድዳል። ስለዚህ ሰልባጅ ውስጥ ትከሻው ልክክ ያለ ኮት ካገኛችሁ አትለፉት፣ ሌላው ይስተካከላል። ሸሚዙ እስከ ላይ ሲቆለፍ በኮሌታው ሁለት ጣት ይግባ።

ሦስተኛው ነገር መቀስ ነው። አዲስ ኮት ከኋላ ስንጥቁ ላይ እንደ መስቀል የተሰፋ ክር አለው። እጅጌው ላይም ምልክት ይለጠፍበታል። ሁለቱም ለሱቅ እንጂ ለለባሽ አይደሉም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ ዞርኩ። በመጨረሻ ቡና የሚያፈሉልን እናት "ዙርልኝ እስቲ የኔ ልጅ" ብለው በምላጭ ፈቱልኝ። ቢሮው ሁሉ ያውቅ ነበር ለካ! ጨርቁን እንዳትቀዱት ብቻ፣ ክሩን አንድ በአንድ ቁረጡ። የኮቱን የታችኛውን ቁልፍ ደግሞ አትቆልፉ።

የአየሩን ነገር አስቡበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,800 አካባቢ። በመሐል ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ደሴ የሚያሞቀው ወፍራም ሱፍ ኮምቦልቻ ላይ ያልባል። እንደኔ የምትመላለሱ ከሆነ ቀለል ያለ ኮት ግዙ፣ ለደሴ ጠዋት ከሥሩ እጅጌ የሌለው ሹራብ ደርቡ። ቁልቁል ስትወርዱ ኮቱ ክንድ ላይ ይሁን። በሚኒባስ ወንበር ላይ ከተቀመጡበት ካውያም አይመልሰው።

ለክረምት ጭቃ አሮጌ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱና ቢሮ ስትደርሱ ጫማውን ቀይሩ። የቆዳ ጫማ ከራሰ፣ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ከሰል አጠገብ ካስቀመጣችሁት ይሰነጠቃል። አዲስ ከሆነ ደግሞ ማታ ማታ ቤት ውስጥ አድርጋችሁ ተንጎራደዱ፤ ተረከዛችሁ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ይለምደው።

ከጋራዥ ለመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ሸሚዝ ጥፍር ሥር ያለ ግራሶን ያጋልጣል። ስኳር በምግብ ዘይት ለውሳችሁ እጃችሁን እሹ፣ ከዚያ በሳሙናና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። በአንድ ቀን አይለቅም። የኔ አውራ ጣት ከወር በላይ ፈጅቷል፤ እስከዚያ ፊርማ ስፈርም ጣቴን አጥፌ ነበር።